ገለባ ቀለም

ከሌሊቱ ሰባት፤ ሐዋሳ ተኝታ፣
በተሰበረው መስኮት የሐይቁ ሽታ
እየገባ፣
ማሽኑ ደም ሲያሾር፣ እኔ ስም ሳስገባ።
ስም አልኩ እንጂ ስሙ በቁጥር ተጽፏል፤
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት አልፏል፤
«ንፍፊት፣ ግራ አንገቱ ላይ፤ ሁለት ወር ሆኖታል፤
ሌሊት ያልበዋል፤ ሱሪው ሰፍቶታል።»
ሐኪሙ በጥድፊያ የጫረው ወረቀት።
ታች፣ በትንሽ ፊደል፦ ኤልዲኤች ይታይለት።

እናቴ «ምን ፈልገህ ነው ሌቱን የምታነጋ?»
ትለኛለች ጠዋት፣ አልጋዬን ስጠጋ፦
እያንዳንዱ ሴል ጓዳ ነው፤ ሠራተኛ አለው፣
ስኳሩን ቆራርጦ ጉልበት የሚያደርገው፤
ሮጠሽ ስትደክሚ፣ አየር ሲያጥርሽ፣
እሱ ነው በጓሮ በር ጉልበት የሚያቀብልሽ።
ካንሰር ግን፣ እማዬ፣ አየር ሞልቶለት
ትንፋሽ እንዳጣ ሰው ስኳሩን ያቦካል፣ በጥድፊያ፣ በስስት፤
ሠራተኛ ያበዛል፤ ጓዳው ይጨናነቃል፤
ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሠራተኛው በደም ወንዝ ይዘልቃል።
እኔ የምቆጥረው ያንን ያመለጠ፤
ከየት ቤት እንደወጣ ግን ራሱ አፉን አልገለጠ፤
ከጉበት? ከልብ? ከጡንቻ? ከንፍፊት?
ሾላ በድፍን ነው፣ ሐይቁ ዳር እንዳሉት፤
ሳይከፍቱት አይታይም የውስጡ ትል—
«በቃ፣ እህል ቅመስ» እናቴ ስትል
እተኛለሁ።

ያን ሌሊት ቱቦውን ባነሣው ወደ ላይ፣
ሴረሙ ሮዝ ነበር፣ የሥጋ እጣቢ መሳይ።
ቁጥሩ ወጣ፦ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።
ደነገጥኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ ደሙ በመንገድ ተንገላቶ፣
ከታቦር ማዶ ካለ ክሊኒክ በባጃጅ ተጭኖ፣
ቀይ ሴሉ ፈንድቶ፣ ቁጥሩም ውሸት ሆኖ—
ከፈነዳ ቀይ ሴል ያው ኢንዛይም ይፈሳል፤
ደህናውን ሰው ሁሉ በሽተኛ ያስመስላል።
ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ጻፍኩ፦ «ናሙናው አይሆንም፤
ድጋሚ ይቀዳ።» ከዚያ በኋላ ዓይኔን አልከደንኩም፤
ውሸት ይሁን አልኩኝ፤ የባጃጁ ነው በደሉ፤
መንገዱ ነው ጥፋተኛ፤ ጉድጓዱ ነው ሁሉ።

ጠዋት ራሱ መጣ፤ ካያሞ፤ ጀልባ ነው ንግዱ፤
እንደ መቅዘፊያው እንጨት የጠና ነው ክንዱ።
ወሰንየለሽ ነርሷ ደሙን ቀስ ብላ ቀዳችው፤
አልነቀነቀችም፤ በእጇ ይዛ አመጣችው።
«የትናንቱስ የት ሄደ?» አለና ሳቀ።
«መንገድ ላይ ተበላሸ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀ።
ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ደሙ እስኪረጋ።
አሾርኩት። ሲቆም፣ እጄ ቱቦውን ሊነካ ሰጋ።
ገለባ ቀለም!
የጠራ፣ የጠለለ፤ አንዳች እድፍ የለም።
እንዲህ ያለ ሴረም ለዓይን ደስ ይላል፤
እንዲህ ያለ ሴረም እውነት ይናገራል፦
አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ።
ተቀመጥኩ። ከውጭ የአባ ኮዳ ክንፍ ድምፅ፣
ብርድ ልብስ ሲራገፍ ይመስል፣ ገባ።
ጉድጓዱን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት፤
ያለ ጥፋቱ ነው ሌሊቱን ያማሁት።

ንፍፊቱ ተቆረጠ፤ ሊምፎማ ተባለ፤
መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ቀጠለ።
እኔ ጋ ቱቦው ብቻ ይደርሳል፤ ያው ቁጥሩ፤
አንድ ሺህ መቶ። ከዚያም አምስት መቶ፤ ሐይቁ ሞልቶ ነበር፣ ክረምት ነበር ወሩ።
ሦስት መቶ ዐሥር። ሁለት መቶ ሠላሳ።
ያን ቀን ምሳዬን በላሁ አሞራ ገደል፣ የተጠበሰ ዓሳ፤
ከጀልባዎቹ መሀል ኮፍያ የደፋ አንድ ወጣት
«ጉማሬ! ያውላችሁ ጉማሬ!» ይላል በኩራት፤
እሱ የወለደው ይመስል።
አላወቀኝም፤ ነጭ ጋወን አልለበስኩም፤
እኔም «ደምህን አውቀዋለሁ» ልለው አልደፈርኩም።

ትናንት ማታ ቱቦው መጣ፤ ሁለት መቶ ሰባ ይላል።
ትንሽ ነው። ከዚህ ትንሽ ላይ ማን ምን ያውቃል?
ጉንፋን ይሆናል፤ ጀልባ ሲገፋ የዋለ ጡንቻ፤
ይኼ ሠራተኛ ቤቱን አይናገርም፣ ማምለጡን ብቻ።
ወደ መብራት አነሣሁት። ገለባ ነው ቀለሙ።
ምነው ዛሬስ ሮዝ በሆነልኝ ደሙ።