ቀጥ ያለ መስኮት

ዛሬም ቀጥ አለብን። ክቧ ትዞራለች፣
የገዛ ጭራዋን እንደ ድመት ታሳድዳለች።
ሳልሜ ከኋላዬ መነጽሯን ወልውላ
«ልከፍል ስል» አለች፣ «ደረቀ እንደ ዱላ።
እህቴ ሰባ ዓመት ይሞላታል ቅዳሜ፣
የመርከቡ ወንበር ሊያልቅ ነው።» ሳልሜ
ባሕሩ ቢረጋ እንኳ ከልደት አትቀርም።
ከመስኮታችን ውጪ የሃፕሳሉ ባሕር
ዳር ዳሩን ረግቷል፤ ነጭ ነው፣ ጸጥ፣ ዝም።
በዚህኛው መስኮትም ያው ነው፤ አይነቃነቅም።

እኔ በመርከብ ሆድ ሠላሳ አንድ ዓመት
ሞተር በጆሮዬ ያከምኩ ሰው፣ ሌሊት
በእንቅልፌ መካከል አንዱ ፒስተን ቢያስል
ቁጥሩን የምናገር፣ ዓይን ሳልገልጥ፣ በቃል፤
ይኼኛው ጭስ የለው፣ ዘይትም አያነባ፣
የብሎን መፍቻዬ በየት በኩል ይግባ?

አጥፍቼ አበራሁት። (ይኼንን ማን ያጣል?)
ደቂቃ ሠራና እንደገና ደርቋል።
የተጠራቀመውን ትርፍራፊ ፋይል ጠረግሁ፣
ኩኪውንም ጭምር፤ ወይ ያደረግሁት! ምን አደረግሁ?
የይለፍ ቃላችን አብሮ ተጠረገ፣
የሳልሜ ፊት ደግሞ ውርጭ አደረገ።
ካውር፣ የጎረቤት ልጅ፣ «አዘምነው» አለኝ፤
አዘመንኩት። ዘምኖ፣ በአዲስ መልክ ቀጥ አለብኝ።

ከዚያ ትሮቹን ቆጠርኩ። ስድሳ ሦስት!
ስድሳ ሦስት ትር ከፍታ የምትኖር ሴት!
የሹራብ ንድፍ አለ፣ የዓሣ አጠባበስ፣
የጉልበት ልምምድ፣ የድንች ዘር ዋጋ፣
ባለፈው መጋቢት ስለዘነበ ዝናብ አንድ ገጽ ሙሉ፣
«በኋላ አነበዋለሁ» የተባለ ዓለም ሁሉ
ለብርድ እንደተከመረ ፍልጥ
ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ቁጭ።

«አየሽ!» አልኳት። «አየሽ! ሞኝና ወረቀት
የያዘውን አይለቅም!»
መልስ አልሰጠችኝም።
ቆየት ብላ፣ «ዝጋቸው፤ ሹራቡን ብቻ ተወው» አለች።
ስድሳ ሁለቱን ዘጋሁ። አንዷ ተረፈች።
ትኬት። ቅዳሜ። ሁለት መንገደኛ።
ክፈል።
ቀጥ።
ሳልሜ አልሳቀችብኝም። የከፋው እሱ ነው። ሄዳ ተኛች።

ሌሊቱን ብቻዬን ቀረሁ።
ሞተር ሲያስቸግረኝ እንደማደርገው
አንድ መስመር ነቅዬ አዳምጣለሁ፣ ሌላ ነቅዬ አዳምጣለሁ፤
ተቀጥላዎቹን እንዲሁ በየተራ አጠፋሁ።
ማስታወቂያ ማገጃው ንጹሕ ነው።
ተርጓሚው ንጹሕ ነው።
የአየር ጠባይ ነጋሪው፣ እሱም።
አራተኛው ላይ እጄ ቀዘቀዘ፣
«ማፍጠኛ» ይላል ስሙ፤ ትንሽ ሮኬት ይዟል።

ጥቅምት ላይ ነው። ሳልሜ ገበያ ነበረች።
«ኮምፒውተርዎ ቀርፋፋ ነው» የምትል ነገር ብልጭ አለች፤
እሺ ያልኩ እኔ ነኝ። የጫንኩት እኔ ነኝ።
ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ማን አስገደደኝ?

በዚህ አገር ባሕሩ አጥብቆ ሲረጋ በላዩ ይነዳል።
አባቴ መሪውን ሲያስይዘኝ «ቀስ» ነበር ያለኝ፤
«ከቸኮልክ ማዕበሉ በሥርህ ይቀድምሃል፣
በረዶውን ከፊትህ ይሰብረዋል።»
ይህን ሰምቶ ያደገ ሰው ነው
ሮኬት የጫነ።

አጠፋሁት።
ክቧ አንድ ጊዜ ዞራ ጠፋች።
ክፈል። ተከፈለ። አታሚው እንኳ ነቅቶ
ትኬቱን ተፋልኝ፣ ቤቱን በጩኸት ሞልቶ።

ጠዋት ገንፎ እያማሰለች፣ «ምን ሆኖ ነው?» አለች።
«አቧራ።»
«አቧራ» አለች። ማማሰሏን አላቆመችም።
«ሮኬት ያለበት አቧራ?
ከጥቅምት ጀምሮ ጥግ ላይ አየዋለሁ፤
የምትፈልገው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ገንፎዬ እስኪበርድ አልተነሣሁም፤
የታሪክ መዝገቡን ገልጬ፣ አንድ በአንድ፣
ስድሳ ሁለቱንም ከፈትኩላት፣
የመጋቢቱን ዝናብ ሳይቀር።