ሌላ ካለ ይገለጽ

ከትምህርት ቢሮ ነው፤ ቅጹ ሦስት ገጽ፣
ሀ፣ ለ፣ ሐ ደርድሮ፣ «መ. ሌላ ካለ ይገለጽ»።
ጥያቄው አጭር ነው፦ «ከስምንት ወደ አሥር
የሴቶች ውጤት ለምን ወረደ?»
ለ«መ» የተተወላት አንዲት ቀጭን መስመር፣
ግማሽ ስንዝር ቦታ።
ፋኑ ከላይ ሆኖ አየሩን ያማስላል፣
የሳቢያንን ሙቀት ቅንጣት ሳይረታ።

«ሀ»ን ላክብበው? የቤት ሥራ ጫና። ሐሰት ነው አልልም፤
ነጂሃና ረምዚ መንታ ናቸው፤ አንድ ማህፀን፣ አንድ ቤት፣ አንድ ደም።
ገንደ ቆሬ ውኃ በፈረቃ ነው፣ በውድቅት የሚመጣ፤
ጀሪካን ደርድራ፣ እስኪሞላ ድረስ እንቅልፍ የምታጣ
እሷ ናት።
በማግስቱ ጠዋት፣ በፊዚክስ ሰዓት፣
ዓይኗ ሲከደንባት፣
«ነጂሃ፣ ከኛ ጋር ነሽ?» ስላት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።
ረምዚም ሳቀ፤
እሷ በቀዳችው ውኃ ታጥቦ መጥቶ፣ ፀጉሩ ገና ያልደረቀ።

«ለ»ስ? ያለዕድሜ ጋብቻ። እዚህ ደጅ አይዘልቅም፤
አባታቸው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው፣
«ዶክተሬ» ብሎ እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።
ግን የማጠናከሪያ ብር የሚከፍለው ለልጁ ነው፤ ለወንዱ።
«እሷማ ለራሷ ታውቃለች፤ እሱ ነው የሚያሰጋኝ፣
እንዳይጣመም መንገዱ።»
ብርቱ በመሆኗ ተቀጣች ልበል? ለዚህስ ፊደል የት አለ?
«ሐ» አይደለም፤ ሰውየው ግንዛቤ ሞልቶታል፤
ኪሱ ነው ያጋደለ።

ወንዶቹንስ ማን ጠየቀ? ዘከሪያ፣ ያ ግጥም ይጽፍ የነበረው፣
መጽሐፍ ስለያዘ «ሴታ ሴት» አሉት፤ ዘጠነኛን ሳይጨርስ ተወው።
አሁን ከታይዋን ከዚራ በባጃጅ ሰው ያመላልሳል፤
ሲያየኝ ፍሬን ይይዛል፣ «ቲቸር፣ ግቢ» ይላል፣
ሒሳብ ስሰጠው እጁን ያወናጭፋል።
ቅጹ ስለ እሱ አይጠይቅም።

አሮጌ ሮስተሬን ከመሳቢያ ሳብኩት፣ አቧራውን እፍ ብዬ፤
«አስተያየት» ከሚለው ዓምድ ሥር አነበብኩ፣
ጣቴን አስከትዬ።
ሁለቱም ሰማንያ አራት።
ለረምዚ፦ «ብሩህ ነው፤ ቢያተኩር የት በደረሰ።»
ለነጂሃ፦ «ጨዋ ናት።
ጽሑፏ ያምራል።»
እጁ የእኔ ነው። ቀለሙም።

ዓርብ ዓርብ ክፍሉን ማን ይጥረግ የሚለውን ዝርዝር
የለጠፍኩትም እኔ፤
አሥራ ሁለት ስም፣ የወንድ አንድም የለ፤ እንዴት አለፈው ዓይኔ?
ቤተ ሙከራ ሲገቡ እሱ ሽቦ ያስራል፣ እሷ ደብተር ትይዛለች፤
ሽቦውን ልንካ አላለች፣ ንኪውም አልተባለች።
አምፖሉ ሲበራ «ጎበዝ!» ብዬ ለእሱ አስጨበጨብኩ፤
ስሌቱ የእሷ እንደነበር ማታ ደብተር ሳርም አየሁት፤
አልፏል ብዬ ዝም አልኩ።

ሐረር፣ ጁገል፣ እናቴ ቤት፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ተለብጦ፣
የስምንተኛ ክፍል ካርዴ አለ፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ተለውጦ።
ሒሳብ ዘጠና ሰባት።
ከታች፣ በቀይ፣ «ጨዋ ናት»።
እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ የምታስነብበው ይህቺን ናት፤
ዘጠና ሰባቷን አንድም ሰው አላያት።
እኔም ብሆን።

ዳይሬክተሩ በበር ብቅ አለ፦ «ስንዱ፣ አሁንም አልሞላሽም?
ሁሉም ሀን ነው ያከበበው። አክብቢና ላኪው፤
ከሣጥን ውጪ የተጻፈውን ኮምፒውተሩ አይቆጥርም።»

መስመሯ ላይ ስሜን ጻፍኩ።
ስንዱ ወርዶፋ፣ ፊዚክስ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።
ቦታው አለቀ። ወደ ኅዳጉ ወጣሁ።
ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩት።