ሮማን የሌለበት ሮማን

ከተማዋ ሴት ትባላለች፣ በደቡብ ፈረንሳይ ዳርቻ፤
ቀሚስ የላት፣ ሻሽ የላት፣ ሴትነቷ በእኛ አፍ ብቻ።
በቦዩ ዳር፣ በዜሊ ቡና ቤት፣ ከመስተዋቱ ፊት ለፊት፣
አንድ ቀይ ጠርሙስ አለ፣ ግሬናዲን የሚሉት።

ለልጅ በሎሚ ለስላሳ፣
ለሽማግሌ በወተት፣ ሌሊቱን ጉሮሮው እንዳይነሳ፤
አኒስ አረቄ ላይ ጠብ ሲል፣ ስሙ ይሆናል «ቲማቲም»፤
ቲማቲም ግን የለበትም፣ አይጠይቅም ማንም።
ከብርቱካን ጭማቂ ስር ይሰምጣል፣ ስኳሩ ከብዶት፣
ብርጭቆ ውስጥ ይነጋል፣ ከምሽቱ በሦስት ሰዓት።

ጥቅምት ላይ አንድ ማታ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኙ ሃምፓር፣
ጠርሙሱን አዙሮ አነበበ፣ መነጽሩን ሰቅሎ ከግንባር፦
ስኳር፣ ውሃ፣ የሎሚ አሲድ፣ እንጆሪ፣ ቀለም፣ ቫኒላ…
«ዜሊ፣ ሮማኑስ የት አለ?»
«ሮማን በስሙ ነው፤ ሌላ
የለውም» አለች እየሳቀች።

ስምን መልአክ ያወጣል ይባላል፤
ይህን ግን ነጋዴ አውጥቶታል።

ማቱሬን ከጥግ ወንበሩ፣ ሁለት ጣት የቀረው እጁን
ዘረጋ፣ ለመብራቱ እንደሚያሳይ ጉዱን፦
«በእኛ ቋንቋ ሮማንና የእጅ ቦምብ አንድ ነው ስማቸው፤
ሁለቱም ቅርፊት አላቸው፣ ፍሬ የሞላው ሆዳቸው።
አንዱን በልጅነቴ፣ ዓሣ ላጠምድበት አንስቼ፣
ሦስት ጣት ከፍዬበታለሁ።
ከዚያ ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራ አልጠጣም፣ ተገዝቼ።»

በማግስቱ ሃምፓር መጣ፣ የጓሮውን ሮማን በባልዲ ሞልቶ፣
ማንም ሳይጠይቀው፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ወጥ ቤት ገብቶ፣
ፈለቀቀ፣ ጨመቀ፣ ስኳር መዝኖ ጣደ፤
የዜሊ ነጭ ሽርጥ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ነደደ።

ሲበርድ ቀመስነው። ይጣፍጣል፤
ከጣዕሙ ወዲያ ግን ምላስ ይይዛል፣
ልጣጩን ገና ያስታውሳል።
መልኩም እንደ ጠርሙሱ አይጮህም፣ ወደ ቡናማ ያደላል፣
የደረቀ ደም ይመስላል።
ማቱሬን ብቻ ዝም ብሏል።

ከዚያ ሁለት ጣቱን ልኮ፣ የድስቱን ጠርዝ ጠረገ፤
ላሰ። ፊቱን አጨማደደ። ደግሞ ሌላ ፈለገ።
«ይሄስ» አለ፣ «ስሙ ይገባዋል፤
ጣፍጦ ሲያበቃ ይናከሳል።»

ዜሊስ? ሰኞ ዕለት ቀዩን ጠርሙስ ከቦታው መልሳ አቆመች፤
«ልጆቹ ያንኛውን አይወዱም፣ ይጎመዝዛቸዋል» አለች።
የሃምፓርን ግን በብልቃጥ፣ ከመደርደሪያው ስር ሸሽጋ፣
ስም ሳትለጥፍበት፣
ማቱሬን ሲመጣ ሁለት ጣት ትቀዳለታለች፣ ያለ ዋጋ።