መጋቢት ዐሥራ አራት

ጦሳ ጉም ለብሷል፣ ቢሮው ቀዝቅዟል፤
መዝገቤ በዛሬ ሦስት ነገር ይዟል፦
ሠዓሊው ጓንጉል የተወለደበት፣
መንዙማ አውጪው አሊጋዝ ያለፈበት፣
ቧንቧ ውሃ ሠፈር መጀመሪያ ቴአትር የታየበት።

«ቀኑ አንድ፣ ሻማው አንድ» ሲል በጀት ክፍል መለሰ፤
ሦስት ብዬ ነበር፣ ሁለቱን በቀይ ደመሰሰ።

ማታ መብራት ጠፋ፣ አዳራሹ ጭልም፤
ያቺው አንዷ በራች፤ «ለየቱ ናት?» ያለ የለም።
የአሊጋዝ ልጅ ሥዕሉን ያዘ፣
የጓንጉል ልጅ ድቤ መታ፤
ሰሙ መዝገቤ ላይ ጠብ ይላል በዝግታ።

ሐዋ ከጥግ ተነሣች፣ መጋረጃውን የሰፋችው፤
«የኔንስ ጻፈው» አለች።
«ልደትሽ መቼ ነው?»
«አንበጣ የመጣ ዕለት። ከዚያ ወዲያ አላውቀውም።»

ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ፤
አንበጣ የሚባል ወር መዝገቤ የለውም።