ምንጭ ጠባቂ

ቂድፋ፣ ከባሕር ዳር፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ጨው ከውኃ ሲፋታ፣ ቧንቧው ሲንቋቋ፣
ሦስት ሰው ቀርተናል መብራት ሳናጠፋ፣
ሙቀት ከደጅ ቆሞ በሩን ሲገፋ።

የሰንዓፈው ዕቁባይ እጁ በግራሶ፣
ጋሪኖ ጣልያኑ ወረቀት ተንተርሶ፣
እኔ፣ ስሜ ዘምዘም፣ መወልወያ ይዤ፣
ጉልበቴ ሲከዳኝ ባልዲ ተመርኩዤ።

ዕቁባይ ከጉድጓድ «ካቻቢቴ!» ሲል
ጋሪኖ ብድግ አለ፣ የተጠራ ይመስል።
«የኛ ቃል ናት» አለ። ዕቁባይ ቀና ብሎ፦
«ቅድመ አያቴ ገዛት፣ በጥማት ከፍሎ።»

እንዲህ ተጀመረ።

ቅድመ አያቱ አስካሪ፣ ታርቡሽ ያጠለቀ፣
መቀሌ ምሽግ ውስጥ በጥር የደረቀ፤
ምላሱ እንደ ጠፍር፣ ከንፈሩ የነቃ፣
በግማሽ ጣሳ ውኃ ቀኑን የሚያበቃ፤
በቅሎው በጥም ስትሞት ዓይኗን የከደነ፣
የውኃ ድምፅ ሰምቶ ሌሊት የባነነ።

የኔው ይማም ደግሞ፣ ከቃሉ የዘመተ፣
ከዚያው ምሽግ ግርጌ ምንጭ ላይ የተጎለተ።
ጎራዴ አልመዘዘ፣ ጥይት አላባከነ፣
እሱም እንደዚያኛው ከደነ፣
ውኃ ነው የከደነ።
ፉከራ የማይሆን፣ ለልጅ የማይነገር፣
ሰው ሲጠማ እያዩ ዝም ያሉበት ነገር።

አንድ ሌሊት ግን አሉ፣ በደረቱ ስቦ
አንድ አስካሪ መጣ፣ ጨለማ ተከናንቦ።
ጠመንጃ አልያዘም።
እጁ ላይ ጣሳ አለ፣ አፉ ላይ አንዲት ቃል፦
«ማይ።»

እናቴ ስትነግረኝ እዚህ ላይ ታቆማለች።
አጠጣው? ተኮሰ? አንዳንዴ ታስላለች፣
አንዳንዴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

ጋሪኖ ሰማና፣ ባረብኛ ስብርባሪ፣ በእጅ ምልክት፣
«እኛ መንደር» አለ፣ «ድንጋይ አለ ቆሞ፣
ያፍሪካ ሟቾችን ስም በስም ተሸክሞ።»
«የኛስ ስም አለበት?» ዕቁባይ ጠየቀ።
መነጽሩን አውልቆ፣ ወልውሎ፣ አጠለቀ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት። ማቀዝቀዣው ተሰብሯል።
የመጠጡ ጀሪካን ከማታ ጀምሮ አልቋል።
የናሙናው ቧንቧ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣
ኬሚስቱ ሲወጣ ለጽዳት የተወው።
«መቅዳት ክልክል ነው» ይላል በቀይ ቀለም፣ ባራት ቋንቋ፣
ከአራቱ አንዱም የኔ አይደለም፣
ግን ገብቶኛል፤
የቀዳ ጧት ከነሻንጣው ይሸኛል።

ዕቁባይ ከጉድጓዱ ብቅ አለ፣
ባዶ ጣሳውን ወደኔ አዘነበለ፣
እንደ ቀልድ፣ እንደ ምር፣
«ማይ» አለ።

ጋሪኖም ያየኛል።
ከግድግዳው ማዶ ያ ሁሉ ባሕር ይተነፍሳል።
ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ሞቋል።

እናቴ የምታስልበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ።