ደረቱን ቁጠር

ከከዚራ ወዲያ፣ ከሐዲዱ ዳር፣
ጣራው እንደ ፈንድሻ ሲንጣጣ በቀትር፣
ነጂማ አብዶሽ ጆንያውን ወግታ፣
አንድ እፍኝ ማሽላ በነጭ ወረቀት ዘርግታ፣
«ተመልከት» አለችኝ። አየሁ። እህሉ ቆሟል፤
ከመሀሉ ጥቂቱ ግን እግር አውጥቶ ይሄዳል።

«ነቀዝ ነዋ!» አልኩ ፈጥኜ፣ እንደ አዋቂ ሰው።
ሳቅ አለች። «ነቀዝስ ነቀዝ ነው። የትኛው ነው?»

የትኛው! ሁለቱም ቀይ ዳማ፣ ሁለቱም ባለ ኩምቢ፣
ቁመታቸው የሰሊጥ ፍሬ፣ ሆዳቸው የግብር ሰብሳቢ፤
በጀርባቸው አራት ነጥብ፣ ብርቱካንማ፣ ፈዛዛ፣
ጣት ሲነካቸው እግር አጥፈው፣ የሞተ መሳይ ጥንዚዛ።

«ቀለሙን ተወው፣ ቀለም በዕድሜ ይዋሻል፤
መጠኑንም ተወው፣ በቆሎ የበላ ይፋፋል።
ደረቱን ቁጠር! ከአንገቱ እስከ ክንፉ መነሻ
ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፣ የፈንጣጣ ማስታወሻ።
ክብ ክብ ሆኖ፣ መሀሉን ሞልቶ፣ ከሃያ ካለፈ፣
የበቆሎ ነቀዝ ነው፤ በቃ፣ ስሙ ተጻፈ።
ሞላላ ከሆነ፣ በመሀል ቀጭን ሜዳ ካስቀረ፣
የሩዝ ነቀዝ ነው፤ ሩዝ ባያይም በዕድሜው፣ ስሙ እንዲያ ሆኖ ቀረ።»

ቆጠርኩ፤ ላቤ ሌንሱ ላይ ጠብ እስኪል።
አሥራ ሰባት። ደገምኩ። ሃያ አንድ። ምን ይባል?
ተሸካሚው ሮብሌ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ፣
«ለበላተኛው ስም ታወጣላችሁ፤ ለተበላውስ?» አለ፣ ጆንያውን ዳስሶ።
መልስ አልነበረኝም።

«አልለይ ካለህ የሚቀረው ሆዱ ነው» አለች፣
ከብልቃጦቹ መሀል ቀጭን መርፌ አነሳች።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤
እዚህ ግን ብቅሉን የበላው ሆድ ራሱ ይከፈታል።
ከወንዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ አካል ይወጣል፣
ሁለት ቦይ ካለው የበቆሎው፣ ከለሰለሰ የሩዙ ይሆናል።

ያን ቀን አርባ ሆድ ከፈትን፤ ሠላሳ አንዱ የበቆሎ፣
ስምንቱ የሩዝ። የቀረችው፣ ወንድ ነው ተብሎ
ሴት ሆና ተገኘች። ምስጢሯን አልሰጠችም።
በአልኮል አኖርናት፤ እስከ ዛሬ ስም የላትም።

ማታ ወደ ቤት ስሻገር፣ ደርቆ በተኛው ደቻቱ፣
አሸዋው ላይ ጠብ ጠብ አለ የዝናቡ መምጫ ምልክቱ፤
ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ጥቃቅን፤ አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ ሞላላ፣
መሀሉ ላይ የግመል መንገድ፣ ጠንክሮ ጉድጓድ የጠላ።
ጎንበስ አልኩና ቆጠርኩ። ከማዶ አንድ ሰው ተጣራ፦
«ደንገጎ ጠቁሯል፣ ውጣ! ጎርፍ አይጠብቅም ተራ!»
አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፤ እርጥብ አፈር ሸተተኝ፤
ሃያኛዋ ላይ ስደርስ ውሃው ድምፁን አሰማኝ።