የበረዶ ቤት ልጆች

ታሪካችን ያለው በዓሣ መዝገብ ነው፤
ጠርዙን እርጥበቱ ከሥሩ የበላው፣
የቀረሶ ቅርፊት እንደ ቴምብር ያለው።
በግራ ዓምድ ኪሎ፣ በቀኝ ዓምድ ጎል፤
«አምባዛ አርባ ሁለት፣ ከሽምብጥ ሦስት ለዜሮ» ይላል።
የጋሽ ይርሳው እጅ ነው፤ ፊደሉ ያዘነበለ፣
በቀዘቀዘ ጣት እየተንቀጠቀጠ የተሳለ።

ሰባ ዘጠኝ ላይ ነው፣ በታኅሣሥ መባቻ፣
የማኅበሩ በረዶ ቤት፣ ጀኔሬተሩ ብቻ
ሲያጓራ የሚያድርበት፣ ከሐይቁ ዳርቻ።
ጋሽ ይርሳው ወጣ፣ ሰጋቱራ እያራገፈ፣
በግድግዳው ጥላ ሥር ስንቦዝን አየን፤ አለፈ።
ተመለሰ ደግሞ፤ የወይራ ጉማጅ ይዞ፣
ጫፉን በእሳት ለብልቦ፣ እንደ መንጠቆ ጠምዝዞ።
«ዱላ ነው» አለን፣ «ለመማቻ ግን አይደለም፤
ኳስ የሌለው ልጅ አለ፣ ገና የሌለው የለም።»

ስማችንን ያወጣው ሠፈሩ ነው፣ ለስድብ፦
«የበረዶ ቤት ልጆች! ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሕዝብ!»
እኛ ግን ስድቡን አጥበን፣ እንደ ማልያ ለበስነው፤
ሌላማ ምን ማልያ አለን፣ ያለን የማዳበሪያ ከረጢት ነው።
አበጋዛችን ቢያድግልኝ፣ አንድ ጥርሱ የጎደለ፤
ክንዴ፣ እያለቀሰ የሚሮጥ፣ እያለቀሰ ጎል የሚጥል የነበረ፤
እኔ ግራኝ፣ ተቀያሪ፤ ሥራዬ እሩር ፍለጋ፣
ደንገል ውስጥ በገባ ቁጥር፣ ከጉማሬ ጋር ወግ ላወጋ።

ደንገልን ካነሳሁ፣ እንድሪስ ከዚያ ነው የመጣ፤
አባቱ ታንኳ ሠሪ፣ ልጁ ከውሃው ጠርዝ የወጣ።
ማንም ጣሳ አያጋራውም፤ እሱም ውሃ አይጠይቅ፤
ከመስመሩ ውጪ ቆሞ፣ እሩር ሲበር የሚጠብቅ።
ጋሽ ይርሳው አልሰበከም። በረዶ ፈለጠና፣
አንዷን ስባሪ ለእንድሪስ ሰጠ፤ «ምጠጣት» አለውና፣
መልሶ ተቀብሎ፣ ከራሱ አፍ ከተታት።
ዝም አልን። ከዚያ ቢያድግልኝ «ለኔም!» ብሎ ዘረጋላት
ምላሱን። ዞረች በረዶዋ፣ አለቀች ከኔ ኋላ፤
እስከ ዛሬ አላገኘሁም፣ ያን የሚያህል ገበታ ሌላ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል የዱሮው ሰው።
ጌታስ አልተቆጣ፤ የተቆጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፣
የክንዴ እሩር ዘሎ መስኮቱን ቢያደቅቀው።
መዝገቡ እንዲህ ይላል፦ «መስታወት፣ አሥር ብር።
ከዓሣው ትርፍ ተቀንሷል። ጎሉ ግን ይቆጠር።»

ሰማንያ ሁለት፦ ቢያድግልኝ ለጦር ተወሰደ፣ ዱላውን በር ላይ አቁሞ፤
መዝገቡ ስሙን አልሰረዘም፤ «ይመጣል» ይላል ደጋግሞ።
ሰማንያ ሦስት፦ ባዶ ገጽ።
አንድ ቅርፊት ብቻ።

ከዚያ የሌሎች ስም መጣ፤ የእንድሪስ ታናሽ፣ የክንዴ ልጅ፤
ማሽኑ አርጅቶ ዝም ሲል፣ ሰጋቱራው ሻገተ እንጂ
ጨዋታውስ አልቆመም። ያቆመው አጥሩ ነው፤ ሜዳው የሎጅ ግቢ ሆኖ፣
በረዶ በብርጭቆ ይቀርባል፣ በሎሚ ተከድኖ።
ጠባቂው «ማን ልበል?» አለኝ። «የበረዶ ቤት ልጅ» ብለው፣
ሳቀ፤ «በረዶውማ ከፍሪጅ ነው።»
አልተቆጣሁም፤ ልጅ ነው።

ጋሽ ይርሳው ሲሞት መዝገቡን ለኔ ተወ፣ ለተቀያሪው፤
«ሯጭ ታሪክ አይዝም» ብሎ፣ «ታሪክ ያለው ከቋሚው።»
በመጨረሻው ገጽ፣ ቀን አለ፣ ኪሎ የለም፤
የተጋጣሚው ስም አለ፣ ውጤቱ ግን አልተሞላም።
«ከሽምብጥ ጋር» ይላል፤ ከጎኑ አንድ ቃል ብቻ፦
«ገና»።
በዓሉን ነው? ዱላውን ነው? ወይስ አላለቀም ነው?
እንዳልጠይቅ ጋሽ ይርሳው የለ፤ ነጥብ እንኳ አላኖረም በኋላው።

ግራ እጄን ግን ይበላኛል፣ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር፤
ደንገሉ ውስጥ ሳላገኘው የቀረ አለ፣
አንድ እሩር።